ንጉሡ ጌጥ ከሆነ ደብዳቤውን ማን ጻፈው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዝ ንጉሥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ቡናዬን እየጠጣሁ አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ጸሐፊው «የዛሬ ነገሥታት ጌጥ ናቸው፤ ሪባን ይቆርጣሉ፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ በቃ» ይላል። ንጉሡ ጌጥ ናቸው፣ እሺ። ከጀርባቸው ያሉት ሰዎችስ? እነሱም ጌጥ ናቸው?

ይህን የምጠይቀው ፖለቲካ ተምሬ አይደለም። እዚሁ ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለ26 ዓመት የኃላፊ ጸሐፊ ነበርኩ። ስለ ዙፋን የማውቀው ያነበብኩትን ያህል ነው። በር ላይ ስለሚቀመጥ ሰው ግን በደንብ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከዘጌ አንድ አባት መጡ። የቡና ማሳቸው ድንበር ተገፍቶባቸዋል። በጠዋቱ ጀልባ ተሻግረው፣ በከሰዓቱ ሊመለሱ ነው ሐሳባቸው። አለቃዬ ማመልከቻቸውን አዩና ዳሩ ላይ «ይጻፍላቸው» ብለው መርተውልኝ ለስብሰባ ወጡ። ምን ይጻፍላቸው? አልተባለም። ታይፕራይተሩ ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። «እንዲፈጸምላቸው» ብዬ ብጽፍ ጉዳዩ ያልቃል። «እንዲታይላቸው» ብዬ ብጽፍ ወረዳ ወርዶ ይተኛል። የአንዲት ቃል ልዩነት ናት።

የዚያን ቀን ጠዋት እኚሁ አባት «ልጄ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ሻይ ስትጠጪ ነው ያየሁሽ» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ተቀየምኩ። «እንዲታይላቸው» ብዬ መታሁት። አለቃዬ ሲመለሱ ቆመው ነው የፈረሙት፣ አላነበቡትም። ማኅተሙ ያለው በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ደብዳቤው ወጪ ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ጉዳዩ ንቅንቅ አላለም። ቁጣቸው ግን በእኔ ላይ አልነበረም። «አለቃሽ ጨከኑብኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ዝም አልኩ።

እናም ስለ ነገሥታት አማካሪዎች በምሰማበት ጊዜ ሁሉ እኚያ አባት ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

አሁን ወደ ለንደን ልሻገር። እ.ኤ.አ. በ1950 ምርጫ የክሌመንት አትሊ ሌበር ፓርቲ ያሸነፈው በአምስት ወንበር ብልጫ ብቻ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ «ምክር ቤቱ ይበተንና እንደገና እንመረጥ» ቢሉ ንጉሡ እንቢ ማለት ይችላሉ ወይ የሚል ክርክር ተነሳ። በዚያው ዓመት ሜይ 2 «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ላይ አንድ ደብዳቤ ወጣ። ልክ እንደዚህ እንደኔው ለአዘጋጁ የተጻፈ ነው። ስሩ ላይ «ሴኔክስ» ይላል፤ በላቲን ሽማግሌ ማለት ነው። ሽማግሌው ንጉሡ እንቢ የሚሉባቸውን ሁኔታዎች ቁጭ አድርገዋቸዋል። ምክር ቤቱ ገና ሥራ መሥራት ከቻለ፣ ምርጫው ኢኮኖሚውን የሚጎዳ ከሆነ፣ በቂ ድምፅ ይዞ ሊያስተዳድር የሚችል ሌላ ጠቅላይ ሚኒስትር ከተገኘ።

ሽማግሌው ሰር አለን ላሴልስ ነበሩ፤ የንጉሥ ጆርጅ 6ኛ የግል ጸሐፊ። የጻፉት ሕግ አይደለም። አንድም ሰው ድምፅ አልሰጠበትም። ሆኖም «የላሴልስ መርሆዎች» ተብሎ ለአሥርት ዓመታት እንደ ደንብ ሲጠቀስ ኖረ። አስቡት እንግዲህ፣ በብዕር ስም ጋዜጣ ላይ የወጣች አንዲት ደብዳቤ ናት! (የእኔም እንዲህ ዕድሜ ባገኘች።)

ከዚህ የበለጠ ያስገረመኝ የአውስትራሊያው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1975 የንግሥት ኤልሳቤጥ እንደራሴ የነበሩት ሰር ጆን ከር፣ ሕዝብ የመረጣቸውን ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላምን ከሥልጣን አባረሩ። ከር ከዚያ በፊት ለወራት ከቤተ መንግሥቱ ጋር ይጻጻፉ ነበር። መልሱን የሚጽፉላቸው ንግሥቲቱ ሳይሆኑ የግል ጸሐፊያቸው ሰር ማርቲን ቻርተሪስ ናቸው። ጸሐፊው ሥልጣኑ እንዳለ፣ ነገር ግን ሌላው መንገድ ሁሉ ሲጠፋ ብቻ የሚነካ እንደሆነ ጽፈውላቸዋል። በፍትሐዊነት ለመናገር፣ ከር ውሳኔያቸውን አስቀድመው ለንግሥቲቱ አላሳወቁም፤ ራሳቸው በደብዳቤ ገልጸውታል። አምናቸዋለሁ። ግን ንግሥቲቱ ባያውቁ፣ አንድ ፈራሚ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት የሰማው የማንን ድምፅ ነበር? በእኔ ቋንቋ «ይጻፍላቸው» ተብሎ «እንዲፈጸምላቸው» የተባለውን ማን መታው?

እነዚያ ደብዳቤዎች በአገሪቱ ቤተ መዛግብት ውስጥ «የግል» ተብለው ተቆለፉ። የአገር ጠቅላይ ሚኒስትር የተባረረበት መጻጻፍ እንዴት የግል ይሆናል? ጄኒ ሆኪንግ የምትባል የታሪክ ተመራማሪ ይህንኑ ይዛ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተች። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት 6 ለ1 በሆነ ድምፅ ፈረደላትና ደብዳቤዎቹ ተከፈቱ። ከ45 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዊትላም አልደረሱበትም።

ሌላም አለ። የእንግሊዝ ፓርላማ የዘውዱን ጥቅም የሚነካ ረቂቅ ሕግ ከማጽደቁ በፊት የዘውዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ቤተ መንግሥቱ ይህ ለሥርዓት ያህል ነው ይላል። «ዘ ጋርዲያን» እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያጣራ ግን በኤልሳቤጥ ዘመን በዚህ መንገድ ያለፉት ሕጎች ከ1,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ረቂቁን ቁጭ ብለው የሚያገላብጡት ደግሞ ጠበቆችና ጸሐፊዎች ናቸው።

እኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። እንግሊዞችም «ንጉሥ አይሳሳትም» የሚል የሕግ አባባል አላቸው። ታዲያ አንድ ብልሃት ፈጠሩ፤ ንጉሡ ስለማይከሰሱ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርቦ ይጠየቅላቸዋል። ጥሩ ብልሃት ነው። የግል ጸሐፊው ግን ንጉሥም አይደለም፣ ሚኒስትርም አይደለም። እሱን ማን ይጠይቀዋል?

የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ ጎንደር ተቀምጠው ቆራጩ ራስ ደብረ ታቦር ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ «ዓቃቤ ሰዓት» የሚባል ማዕረግ ነበር፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ መምህር ይዘውት የኖሩ። የሰዓት ጠባቂ! የንጉሥን ሰዓት የጠበቀ ሰው ንጉሡ ማንን እንደሚያዩ ይወስናል። ይህ የአለቃን አጀንዳ ለያዘች ጸሐፊ ማስረዳት አያስፈልገውም።

በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜም ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው ብዕሩን ይዘው ነበር። ከንጉሡ ቀጥሎ ኃያሉ ሰው ናቸው ይባል ነበር። መኳንንቱ ሳይቀሩ እሳቸውን ደጅ ጠንተዋል። በ1947 ከሥልጣን ወርደው አርሲን እንዲገዙ ተላኩ። ያወጣቸውም ያወረዳቸውም አንድ ሰው ነው፤ ሕዝብ በሁለቱም አልተጠየቀም።

የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያለበት ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ካያችሁ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጓዝ ይታያል። ለጎብኚ የሚነገረው ስለ ጃንሆይ ነው። በደጁ ማን ቆሞ እንደነበር፣ ማን ማንን እንዳስገባ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

አማካሪ አይኑር እያልኩ አይደለም። አለቃዬ ያለ እኔ መነጽራቸውንም አያገኙም ነበር። ምክር ሁሉ በየዕለቱ አደባባይ ይውጣም አልልም፤ እንዲያ ከሆነ ማንም ደፍሮ እውነቱን አይመክርም። እንግሊዝ ውስጥ ምርጫ አሸናፊ ሲጠፋበት የንጉሡ የግል ጸሐፊ፣ የካቢኔው ዋና ጸሐፊና የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና የግል ጸሐፊ እየተነጋገሩ ነገሩን ያለዝባሉ። «ወርቃማው ሦስት ማዕዘን» ይሏቸዋል። ከሦስቱ አንዱም አልተመረጠም። ሥራው ግን መሠራት አለበት፣ ይገባኛል። የማይገባኝ «የግል» የሚለው ማኅተም ነው። ለመንግሥት የተጻፈ ደብዳቤ የመንግሥት ነው። የሚከፈትበት ዓመት ጸሐፊው በሕይወት እያለ ይሁን፤ ያኔ ቃሉን ሲመርጥ ሁለቴ ያስባል። እኔም ደብዳቤዬ አንድ ቀን እንደሚነበብ ባውቅ ኖሮ የሻይዋን ነገር ዋጥ አድርጌ «እንዲፈጸምላቸው» እል ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ነገሥታት ስትጽፉ በር ላይ የተቀመጠውንም ሰው ስም ጨምሩልን።

የእኔን ስም ግን እንዳታወጡት አደራ። አለቃዬ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጋዜጣችሁን ከዳር እስከ ዳር ነው የሚያነቡት። ደብዳቤ ሳይጨርሱ የማይፈርሙ ሰው የሆኑት አሁን ነው።

አንዲት ጡረተኛ ጸሐፊ
ባሕር ዳር