ታንከሩ ባዶ ነው ማለት ቧንቧው ደርቋል ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በመኪና የሚጎተት ተጎታች ቤትን ከብርድ ወራት በፊት ስለማዘጋጀት ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄው ነው ያነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ውሃው እንዳይቀዘቅዝበት የውሃ ታንከሩን አፍስሶ ቧንቧዎቹን መክፈት ይበቃል ይላል። አይበቃም። እኔም ይበቃል ብዬ ነበር።

ተጎታቹን በገዛሁበት ዓመት ታንከሩን አፈሰስኩ። የኩሽናውንና የመታጠቢያውን ቧንቧ ከፈትኩ። ጠብታው ሲቆም ቆልፌ ሄድኩ። ብርዱ አልፎ ውሃ ስሞላበት ፓምፑ አላርፍ አለ። ትንሽ ይሠራል፣ ዝም ይላል፣ ማንም ቧንቧ ሳይነካ እንደገና ይነሳል። ከአልጋው ሥር ያለውን ሳንቃ ሳነሳ ወለሉ ርሶ አብጧል። በባትሪ ሳበራ፣ ከውጭው ሻወር ጀርባ ያለችው የቧንቧ መታጠፊያ ፀጉር በምታክል ስንጥቅ ውሃ ትረጫለች። ያን ሻወር መክፈት ረስቼው ነበር። እዚያ የቀረው ውሃ ግማሽ ስኒ እንኳ አይሞላም።

ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። መሄጃ ካጣ የያዘውን ይሰነጥቃል። የፕላስቲክ ቧንቧው ትንሽ ሊለጠጥ ይችል ይሆናል፤ መገጣጠሚያው፣ የፓምፑ ራስና የፊልተሩ ቤት ግን አይችሉም። ውሃ የሚቀረውም እነሱው ውስጥ ነው።

አሁን ከውሃ ማሞቂያው ነው የምጀምረው። አጠፋዋለሁ፣ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍቼ ግፊቱን አስወጣለሁ። የማፍሰሻውን ቡሽ የምፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ተቻኩሎ የፈታ ሰው ፍል ውሃ ፊቱ ላይ ይፈነጥቅበታል። ከወለሉ በታች ያሉትን ማፍሰሻዎች እከፍታለሁ፣ ፊልተሩን አወጣለሁ። ከዚያ ፈሳሹ ማሞቂያው ውስጥ ሳይገባ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ባይፓስ ቫልቭ አዞራለሁ። ይህን የዘለለ ሰው አንቱፍሪዙ፣ ማለትም መስመሩ በረዶ እንዳይሠራ የሚገባው ፈሳሽ፣ ቧንቧ ሳይደርስ ማሞቂያው ውስጥ ገብቶ ይቀርበታል፤ ብዙዎቹ ማሞቂያዎች 23 ሊትር ያህል ይይዛሉ።

ሁሉንም መልሼ ከዘጋሁ በኋላ የፓምፑን መምጠጫ ጎማ አንቱፍሪዙ ውስጥ ከትቼ ፓምፑን አስነሳለሁ። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ እከፍታለሁ፤ ቀዝቃዛውንም ሙቁንም። መጀመሪያ ጥርት ያለ ውሃ ይመጣል፣ ከዚያ አረፋ ይተፋል፣ ከዚያ ሮዝ ይሆናል። ደማቁን ሮዝ ሳላይ አልዘጋም። ሽንት ቤቱንም እንዲሁ። የውጭውን ሻወር ደግሞ አሁን ከሁሉ አስቀድማለሁ። በመጨረሻ በየመታጠቢያው ቀዳዳ አንድ ኩባያ አንቱፍሪዝ እጨምራለሁ፤ ሥሩ ያለው ጠማማ ቧንቧ፣ ሲፎኑ፣ ሁልጊዜ ውሃ እንደቋጠረ ነው። ኮምፕረሰር ያለው ሰው መጀመሪያ በአየር ቢነፋው ጥሩ ነው፤ ግፊቱ ግን በኮምፕረሰሩ መለኪያ ከ50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አይለፍ።

አጥብቄ የምለምናችሁ ስለ አንድ ነገር ነው። ጽሑፉ ለሲፎኑ «አንቱፍሪዝ ጨምሩ» ብሎ የትኛውን እንደሆነ ሳይነግረን አልፏል። ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ኤትሊን ግላይኮል ነው። ኩላሊት የሚያበላሽ፣ ሰው የሚገድል መርዝ ነው። ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም ውሻም ይጠጣዋል። ለእኛ የሚሆነው ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበት፣ ለተጎታች ቤት የመጠጥ ውሃ መስመር ተብሎ የሚሸጠው ነው። በቀለም መለየት አይቻልም፤ የመኪናውም ሮዝ አለው። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ልጆቼ ጥርሳቸውን የሚቦርሹት በዚያው ቧንቧ ነው። የሌሎች አንባቢዎቻችሁ ልጆችም እንደዚያው። እባካችሁ እርማቱን ውርጩ ሳይገባ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ