ከካይሮ እስከ ዊንድሁክ፦ የቼዝ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮም ክበባችን ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሲገናኝ ከርሟል። ምዝገባው፣ የአመራር ምርጫው፣ ወርሃዊ ሪፖርቱ ሁሉም በወጉ ተሠርቷል። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ስለተሰቀለው ካርታ ነው።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ልጆቹ የአፍሪካ ቼዝ ሻምፒዮናን ታሪክ ለሚኒ ሚዲያ አዘጋጁ። ካርቶን ላይ አፍሪካን ሣሉና ውድድሩ የተካሄደባቸው ከተሞች ላይ ቆርኪ ለጠፉ። የመጀመሪያው ቆርኪ ካይሮ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 እዚያ ያሸነፈው ግብፃዊው ኢብራሂም ሀሰን ላቢብ ነበር። ከዚያ በኋላም የአሸናፊዎቹ ስም በብዛት የሰሜን አፍሪካ ነው። ግብፃዊው ባሴም አሚን ብቻውን ስንት ጊዜ ወሰደው! አንዱ ልጅ ዝርዝሩን አይቶ "ቲቸር፣ ከሰሃራ በታች ማንም የለም እንዴ?" አለኝ።

አለ እንጂ! የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የዚምባብዌው ሮበርት ጉዋዜ አሸነፈ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 ስሎቬኒያ ብሌድ ላይ በተካሄደው የአገሮች የቡድን ውድድር፣ በቼዝ ኦሊምፒያድ፣ የየአገሩ ጠንካራ ተጫዋች በሚቀመጥበት አንደኛ ሰሌዳ 9 ጨዋታ ተጫውቶ 9ኙንም ያሸነፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እዚያው ዊንድሁክ የደቡብ አፍሪካው ኬኒ ሰለሞን ተራ ደረሰው። በዚህ ድል የቼዝ ከፍተኛውን ማዕረግ፣ ግራንድ ማስተርነትን፣ በቀጥታ ስላገኘ የአገሩ የመጀመሪያው ግራንድ ማስተር ሆነ። የኬፕታውን ሚቸልስ ፕሌን ሰፈር ልጅ ነው። ቼዝ የጀመረው በ13 ዓመቱ ነው።

ጽሑፉን ጠዋት ሰልፍ ላይ ያነበበችው የ7ኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም። "በ13 ዓመቱ" የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ "እንደኔ" አለች። ወረቀቱ ላይ የሌለ ቃል ነው። ሰልፉ በጭብጨባ ቀለጠ፤ እኔም እንባዬ መጣ።

ግንቦት ላይ ይህችው ልጅ በትምህርት ቤቶች ውድድር ተሸነፈች። በአንድ ፈረስ እየበለጠች ነበር። ጠጠሯን ታንቀሳቅስና ሰዓቱን መጫን ትረሳለች፤ ካልተጫነ ደግሞ የሚቆጥረው በራሷ ላይ ነው። ጊዜዋ አለቀ። የቼዝ ሰዓት በእጇ ስትነካ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር፤ ክበባችን አንድም የለውማ። 23 ልጆች በ4 ሰሌዳ ነው የምንጫወተው። በሁለቱ ላይ የጎደሉትን ወታደሮች ቆርኪ ተክቷቸዋል። ለእግር ኳስ ቡድናችን ማሊያ ሲገዛ ከልቤ ተደስቻለሁ። ስለ ቼዝ ሲነሳ ግን "የፈረንጅ ጨዋታ" የሚሉ አሉ። አያቶቻችን የአገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ሲጫወቱ ኖረው የለ እንዴ? መክፈቻው ላይ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም በአንዴ የሚያንቀሳቅሱበት፣ "ወረራ" የሚባል የራሳችን አጀማመር እያለን!

ውድ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ የምጠይቃችሁ ሁለት የቼዝ ሰዓትና ጠጠር ያልጎደለው ሰሌዳ ነው።

ከውድድሩ በኋላ በነበረው ሐሙስ ልጅቷ ቀድማ መጣች። ከሰሌዳው ጎን አንድ ቆርኪ አስቀመጠች። ጠጠር ባንቀሳቀሰች ቁጥር ቆርኪውን በመዳፏ ትጫነው ነበር።