ማኅተሙ ኪስ ውስጥ እያለ «ከጉዳዩ ወጥቻለሁ» አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለቀበሌ አመራሮች ሥልጠና በተሰጠ ቁጥር «ዝምድናን ከሥራ ለዩ» የሚል ምክር አይጠፋም። ምክሩ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሠራተኛ ባለበት የከተማ ቢሮ ይሠራ ይሆናል። በጎዛምን፣ በእነማይ ወይም በደምበጫ ገጠር ግን ሊቀመንበሩ የሚመረጠው እትብቱ በተቀበረበት መንደር ነው። ባለጉዳዩ ወይ ወንድሙ ነው፣ ወይ የሚስቱ ወገን፣ ወይ አበልጁ። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር በሚቆጠርበት አገር ዘመድ እንደሌለህ ሆነህ ሥራ ማለት ምንም እንዳለማለት ነው። ለሊቀመንበሩ የሚያስፈልገው የወንድሙ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ባረፈ ቀን የሚይዘው ሥርዓት ነው። በመዝገብና በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነንና ስለዚሁ ሥርዓት ጥቂት እንጻፍ።

ዘመድ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚገባባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። ከሁሉ የሚበዛው መሬት ነው፤ ውርስና ስጦታ ማዛወር፣ የኪራይ ውል ማስመዝገብ፣ የድንበር ክርክር። ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ የማዳበሪያ ስም ዝርዝር ይከተላል። መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን ደብዳቤው ፍርድ ቤት ወይም ባንክ ሲደርስ ማስረጃ ይሆናልና ንቆ መፈረም አይገባም።

የመጀመሪያው ሥራ ሹመቱ በተሰጠ ሰሞን የሚሞላ አንድ ገጽ የዝምድና ቅጽ ነው። እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ከተባለ ግን ማንም ፋይል መያዝ አይችልም። ከዚያም የባሰ፣ አስቸጋሪ ጉዳይ ሲመጣ «ዘመዴ ነው» ብሎ ለመሸሽ በር ይከፍታል። ስለዚህ ዝርዝሩ አጭርና የተቆረጠ ይሁን፤ ወላጅ፣ ልጅ፣ እህት ወንድምና ልጆቻቸው፣ አጎትና አክስት፣ የትዳር ጓደኛና በትዳር ጓደኛ በኩል እነዚሁ፤ አማትና ዋርሳ ማለት ነው። ሕግ ዝምድናን ሲያነሣ በአብዛኛው የሥጋንና የጋብቻን ነው፤ በእኛ አገር ግን አበልጅና የክርስትና ልጅ ከአጎት ልጅ ይበልጥ ይከብዳሉ፤ እነሱም ይግቡ። የማኅበር ጠጭ ግን አይግባ፤ ማኅበር ከገባ መንደሩ በሙሉ ይገባል። ቅጹ በሁለት ቅጂ ተሞልቶ አንዱ በግል ማኅደሩ፣ ሌላው በወረዳው ሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። በየዓመቱ ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ሲጀመር ይታደስ። ሰርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ አዲስ አማች ሁልጊዜ ይጨመራል፤ ካልታደሰ ቅጹ በዓመቱ ውሸታም ይሆናል።

ፋይሉ ሲመጣ ዝምድናው የሚነገረው ነገሩ መሰማት ከመጀመሩ በፊት ነው። ምስክር ከተሰማ በኋላ «ለካ አማቴ ነው» ማለት የተሰማውን ሁሉ ያበላሻል፤ ተሸናፊውም ይግባኝ የሚልበትን ምክንያት በገዛ እጅ መስጠት ነው። ቀጥሎ ከክፍሉ መውጣት ነው። ብዙዎች «ድምፅ አልሰጠሁም» ብለው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። አምስት ሰው በሚቀመጥበት ኮሚቴ ሊቀመንበሩ ዝም ብሎ ቢቀመጥም ሌሎቹ ፊቱን እያዩ ነው የሚናገሩት። ቃለ ጉባኤው ላይ ማን እንደወጣ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ማን እንደመራ፣ በስንት ሰዓት እንደተመለሰ ይጻፍ። «አስተያየት አልሰጠም» የሚል መስመር ብቻውን ምንም አያስረዳም።

አሁን ወደ ማኅተሙ። በብዙ ቀበሌ ክቡ ማኅተምና ቲተሩ፣ ማለትም የኃላፊው ስምና ማዕረግ ያለበት ማኅተም፣ የሚያድሩት በሊቀመንበሩ ወይም በሥራ አስኪያጁ ኪስ ነው። ሰውየው በሥርዓቱ ከጉዳዩ ይወጣል፣ ኮሚቴው ይወስናል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፤ ከዚያ ባለጉዳዩ ለማኅተም ተመልሶ እሱው ዘንድ ይሄዳል። ውሳኔው ለወንድሙ ከሆነ በዚያው ዕለት ይመታል፤ ለተቃራኒው ከሆነ «ነገ ና» ይጀመራል። ጥፋት ባይሠራ እንኳ ወረቀቱ ላይ ያረፈው የእሱ ቲተር ስለሆነ ሰው የሚያየው እሱን ነው። መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ከጉዳዩ ሲወጣ ማኅተሙን ለጸሐፊው በፊርማ ያስረክብ፤ የርክክብ ደብተሩ ቀን፣ ሰዓት፣ የፋይሉ ቁጥርና የሁለቱ ፊርማ ይኑረው፤ ውሳኔው ወጪ ሆኖ በመዝገብ እስኪገባ ድረስም አይመለስለት። የሚፈርመው ተተኪ በራሱ ስም፣ «ስለ» ብሎ ይፈርም እንጂ የሊቀመንበሩን ቲተር አይምታ።

ፋይሉን ለበታች ሠራተኛ ማስተላለፍም ከጉዳዩ መውጣት ተደርጎ ይቆጠራል። አይደለም። የበታቹ ባለፋይሉ የማን ወንድም እንደሆነ ያውቃል፤ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለትም ያው ሊቀመንበር ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ካልወሰነው ፋይሉ በመሸኛ ደብዳቤ ወደ ወረዳ ይሂድ። አባላቱ ተዛምደው ምልዓተ ጉባኤ ሲጎድል ደግሞ ከአጎራባች ቀበሌ ሰው ማስቀመጥ ይቻል ዘንድ ወረዳው አስቀድሞ በደብዳቤ ይፍቀድ። ጉዳዩ ከተነሣ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ በእርሻ ወቅት ያ ጊዜ አንድ ማሳ ጦም ያሳድራል።

በተቃራኒው በኩል የሚሠራ ጥፋትም አለ፤ ስለሱ ብዙ አይወራም። ሰው እንዳያማው ብሎ የእናቱን ስም ከማዳበሪያ ዝርዝር ወደ ታች የሚገፋ፣ የእህቱን የውርስ ፋይል ሳይነካው ዓመት የሚያሳድር አመራር አለ። ንጹሕ ነኝ ለማለት የሌላውን መብት መያዝ በደል ነው። እናቲቱ እንደ ማንኛዋም ባለይዞታ በመሬቷ ስፋት ልክ ተራዋ ይደርሳታል፤ የሚለወጠው ስሟን የሚጽፈው እጅ ብቻ ነው። ዝርዝሩ በይዞታ ደብተር ቁጥር ቅደም ተከተል ተዘጋጅቶ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈ፣ የማን እናት መቼ ወሰደች የሚለው ሐሜት ግማሹ እዚያው ያልቃል።

ቤት ያለው ፈተና ሌላ ነው። ባለጉዳይ ቀን ቢሮ የማይለውን ማታ ምድጃ ዳር ይለዋል፤ ሊቀመንበሩ ከሌለ ለባለቤቱ ይነግራታል፣ ማር ወይም ቅቤ ጥሎ ይሄዳል። እሷን «አትቀበይ» ብሎ ብቻ መተው ከጎረቤት ጋር ማጣላት ነው። «የፋይል ነገር እዚህ አይሰማም፤ ሰኞ ቢሮ ይምጡ» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ለቤተሰቡ ሁሉ ትሰጥ፤ ልጆቹም ይወቋት። ፋይሉ ክፍት እስካለ ድረስ ከዚያ ሰው ምንም አይገባም። ሰርግና ክርስትና ሲሆን የሚመጣው ሁሉ በደብተር ስለሚያዝ ማን ከወትሮው አብልጦ እንዳመጣ ይታያል፤ የበዛው በዚያው ሳምንት በሽማግሌ ፊት ይመለስ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እዚህ አገር ያልሞተው ያለ ምክንያት አይደለም። ሹመት እንደሚያልፍና ሲያልፍም ቤተሰብን ይዞ እንደሚወድቅ ሰው አይቷል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ በደርግ ዘመን በቀበሌ አመራርነት የሠሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ተለዩ። ለሌላው አርሶ አደር ጣሪያው 3 ሄክታር ሲሆን ለእነሱ 1 ሄክታር፣ በእኛ አቆጣጠር 4 ጥማድ፣ ሆነ። ማን በሥልጣኑ እንደበደለና ማን እንዳልበደለ በሰው በሰው አልተለየም፤ ሚስትና ልጅም አብረው ከፈሉ። የርክክብ ደብተርና በሰዓት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ እንዲያ ያለውን የጅምላ ፍርድ ያስቀራሉ አንልም። አንድ በአንድ የሚጠየቅበት ቀን ከመጣ ግን፣ ሥልጣንን ያለአግባብ በመገልገል ወንጀል ክስ ቢቀርብም ጭምር፣ ለልጆቹ የሚቀረው መከላከያ ያ ወረቀት ነው። ስለዚህ ለቤተሰቡ የሚያስብ አመራር ፋይላቸውን ከራሱ እጅ ማውጣቱ ከምንም በላይ ለእነሱ ይበጃል ባዮች ነን።

ስለ ጊዜም ጥቂት እንበል። ቋሚ ሠራተኛው በሳምንት 39 ሰዓት የሥራ ሰዓት አለው፤ የመሬት ኮሚቴ አባል ግን ደመወዝ የለውም፣ በሬ ጠምዶ የሚያድር አርሶ አደር ነው። በሰኔ ቀኑን ሙሉ ማዳበሪያ ሲያከፋፍል ቢውል የቤቱ ማሳ ሳይታረስ ያልፋል። ስብሰባዎች ሞፈር በማይያዝባቸው በዓላት፣ በሚካኤል ወይም በማርያም፣ የሚደረጉት ለዚህ ነው፤ ነገር ግን ማኅበሩም ለቅሶ መድረሱም በዚያው ቀን ነው። በወር ሁለት በዓል ለቀበሌው ተለይቶ ይለጠፍ፤ የቀሩት ለቤቱ ይተዉ።

ሐዘን ሲመጣ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ለቅርብ ዘመድ ሲሰጡ የቆዩት ፈቃድ ሦስት የሥራ ቀን ነው። ከሣልስት አያልፍም። አርባውና ሰማንያው ግን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ተቆጥረው አስቀድመው ይታወቃሉና ከዓመት ፈቃድ ላይ በጊዜ ይጠየቁ፤ የውክልና ደብዳቤውም ያኔውኑ ይጻፍ። ቢሮ ተቆልፎ ባለጉዳይ ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዞ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ስለሞተ አይደለም፤ ማኅተሙ ከሐዘንተኛው ጋር ስለሄደ ነው።

ለዚህ ሁሉ ወረዳዎች እስከ ሐምሌ 1 የሚያስፈልጋቸው የተባዛ የዝምድና ቅጽ፣ ለየቀበሌው አንድ የርክክብ ደብተር፣ እንዲሁም ማኅተሙ የሚያድርበት ሁለት ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ነው፤ አንዱ ቁልፍ ከሊቀመንበሩ፣ ሌላው ከጸሐፊው ጋር ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
በመዝገብና በሰው ሀብት አስተዳደር የምንሠራ ባለሙያዎች
ከምሥራቅ ጎጃም