ግሌንኮ ከመሄድሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በስኮትላንድ ያለውን የግሌንኮን ሸለቆ ልታዪ ነው ብለሽ ስለ ጻፍሽልኝ ይህን አስቀድመሽ አንብቢ። እዚያ የሚነገርሽ በ1692 የካምቤል ጎሳ ሰዎች የማክዶናልድን ጎሳ ሰዎች በቂም ፈጇቸው የሚል ነው። ቂሙስ ነበረ፤ በ1689 ማክዶናልዶች የሮበርት ካምቤልን፣ በግዛቱ ስም ግሌንላየን የሚባለውን ባላባት፣ ከብት ነድተዋል። ነገር ግን ግድያውን ከፈጸሙት ወታደሮች መካከል ካምቤል የሚባሉት ጥቂት ናቸው። ቀኖቹን ተከትለሽ ብትሄጂ የምትደርሺው ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው።

ንጉሥ ዊልያም በኦገስት 1691 አዋጅ አስነገረ፦ ያመፁት ጎሳዎች እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1692 በዳኛ ፊት ለእርሱ ከማሉ ምሕረት ያገኛሉ። አለቆቹ ቀድሞ የማሉት ለተሰደደው ለንጉሥ ጄምስ ስለሆነ፣ እርሱ ከመሐላው እስኪፈታቸው ጠበቁ፤ የፈታበት ደብዳቤ የደረሰው ዲሴምበር ሊያልቅ ሲል ነው። የግሌንኮ ማክዶናልዶች አለቃ ማኪያን በመጨረሻው ቀን ፎርት ዊልያም ምሽግ ደረሰ። አዛዡ ኮሎኔል ሂል ግን ወታደር እንጂ ዳኛ አይደለምና ሊያስምለው አልቻለም፤ ደብዳቤ አስይዞ ወደ ኢንቨሬሪ ላከው። በረዶ ነው፤ በመንገድ ወታደሮች አንድ ቀን አቆዩት፤ ሲደርስ ደግሞ ዳኛው ለአዲስ ዓመት ሄዷል። የማለው ጃንዋሪ 6 ነው። ያስማለው ዳኛ ኮሊን ካምቤል መሆኑን ልብ በይ። ወረቀቱ ኤዲንብራ ሲደርስ ቀኑ አልፏል ተብሎ ተሰረዘ።

የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ዳልሪምፕል ማኪያን አለመማሉን ሲሰማ ደስ እንዳለው በደብዳቤው ጽፏል። ንጉሡም ጃንዋሪ 16 ጎሳውን ማጥፋት የሚፈቅደውን ትዕዛዝ ፈረመ።

ግሌንላየን ወደ 120 ወታደሮች ይዞ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ግሌንኮ ገባ። ምሽጉ ሞልቷል ስለተባለ ሰዎቹ በየቤቱ ተመሩ፤ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ከባለቤቶቹ ጋር በሉ፣ ጠጡ። የማኪያን ታናሽ ልጅ ያገባው የግሌንላየንን የቅርብ ዘመድ ነበር። የፌብሩዋሪ 12 ማታ ግሌንላየን ከማኪያን ልጆች ጋር ካርታ ተጫወተ። እኛ የበላበትን ወጪት ሰባሪ የምንለውን የዚያን ጊዜው የስኮትላንድ ሕግ በስሙ ያውቀው ነበር፦ በእምነት ላይ የተፈጸመ ግድያ። ከተራ ነፍስ ግድያ ይከብድ ነበር፣ እንደ አገር ክህደት ይታይ ነበር።

በማግስቱ ወደ 38 ሰው ተገደለ፤ ማኪያን ከአልጋው ሲነሣ በጥይት መቱት። ሌሎች ሸሽተው በተራራው ብርድ አለቁ። ያም ሆኖ ብዙዎቹ አመለጡ፤ እንዴት እንደሆነ ሰዓቱ ይነግርሻል። የሂል ምክትል ሌተናል ኮሎኔል ሃሚልተን ለግሌንላየን አለቃ ለሜጀር ዳንካንሰን በጻፈው ትዕዛዝ ግድያው የሚጀመረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነበር። ዳንካንሰን ለግሌንላየን ሲያስተላልፈው ከሌሊቱ 11 ሰዓት አደረገው፤ እኔ ካልደረስኩም አትጠብቀኝ አለው። የሸለቆውን መውጫ በሮች መዝጋት የነበረባቸውን የሃሚልተንን 400 ሰዎች ደግሞ በረዶ አዘገያቸው። ሲደርሱ መንደሩ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1695 ፓርላማው ግድያ ነው ብሎ ወሰነ፤ ንጉሡን ግን ነጻ አወጣ። ዳልሪምፕል ሹመቱን ለቀቀ፣ በ1703 ደግሞ ኧርል የሚባለውን ከፍተኛ የመኳንንት ማዕረግ አገኘ። ማንም ለፍርድ አልቀረበም፤ ግሌንላየንም በ1696 ብሩዥ ላይ ሞተ።

በመንደሩ በ1883 የቆመ መስቀል አለ፤ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 13 አበባ ይቀመጥበታል። የዳንካንሰን ትዕዛዝ ራሱ ያለው ኤዲንብራ፣ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከሰባ ዓመት በታች ያለውን ሁሉ በሰይፍ አጥፉ ይላል። ከዚያ በታች ያለውንም አትዝለዪው፤ ግሌንላየን ሳይፈጽም ቢቀር ለንጉሡ ታማኝ እንዳልሆነ ሰው እንደሚታይ ያስጠነቅቀዋል።

አባትሽ