ቤት ሳታገኙ ዕቃ ለምትጭኑ፦ ከኮምቦልቻ ዕቃ ማስቀመጫችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንዴት ከረማችሁ? ሰኔ ሲገባ ስልካችን ፋታ ያጣል። መምህራን በዝውውር ይመጣሉ። የባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይደውላሉ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሥራ ያገኘ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ይነሳል። የሚደውለው ሰው ይለያያል፣ ጥያቄው ግን ሁለት ነው። «ቤት እስካገኝ ዕቃዬን የት ላውርደው?» እና «ደሴ ላይ ለምን ማስቀመጫ የላችሁም?» በስልክ ሁሉን ማስረዳት አልቻልንም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጻፍን።

የመጀመሪያውን እንመልስ። አይሱዙ ደጅ ቆሞ ቤት አይመረጥም። ይህን የምንለው ክፍል ስለምናከራይ ብቻ አይደለም። በየክረምቱ የምናየው ነገር ስለሆነ ነው። ሰው ዕቃውን ጭኖ ይመጣል። ሾፌሩ ለመመለስ ይቸኩላል፣ ከቆየም የቆመበትን ያስከፍላል። ጫኝና አውራጆቹ ይጠብቃሉ። ሰማዩ ይጠቁራል። ልጆች ደክሟቸዋል። በዚህ መሃል ደላላው የመጀመሪያውን ቤት ሲያሳይ «ይሁን» ከማለት ውጪ ምን ይባላል?

አንዲት መምህርት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሐምሌ ተዛውራ መጣች። ቤቱን ያየችው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ማታውን ገባችበት። ቀለሙ አዲስ ነበር፣ ግቢው ንጹህ። ያላየችው የመኝታ ቤቱን የኋላ ግድግዳ ነው። ቤቱ የተሠራው ተዳፋቱ ተቆርጦ ስለሆነ ግድግዳው ከአፈር ጋር ተጣብቋል። በሁለተኛው ሳምንት የአልጋው ራስጌ ወዛ፣ ቡፌው ጀርባው ተነፋ። እኛ ዘንድ ስትደርስ ከሦስት ካርቶን መጽሐፍ አንዱ ገጹ ተጣብቆ ነበር። መጽሐፎቹን አንድ በአንድ ስትገልጥ አጠገቧ ነበርን። የመምህር መጽሐፍ ሲበላሽ ማየት ያማል።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተሠራች ከተማ ናት፣ ተቆርጦ የተሠራ ቤት ብዙ ነው። ሁሉም መጥፎ ነው አንልም። ውሃ መውረጃው በደንብ የተሠራለት ቤት ደህና ነው። ግን ቤት ስታዩ የኋላውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱት። ከተቻለ ዝናብ ከዘነበ በኋላ እዩት። አልጋ የሚቀመጥበትን ጥግ አሽቱት። አዲስ ቀለም ሽታውን ለትንሽ ጊዜ ይሸፍነዋል። ይህን ለማድረግ ጊዜ ያስፈልጋል። ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ዕቃው ሌላ ቦታ አርፎ ሲቀመጥ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ዝቅተኛውን የውል ዘመን ሁለት ዓመት አድርጎታል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ ተፈጻሚ በሆነበት ከተማ ለተከራይ ትልቅ ጥበቃ ነው። ግን ሁለት ዓመት የሚኖሩበትን ቤት በአንድ ከሰዓት መምረጥ አይገባም። የእኛ ክፍል መኖሪያ ስላልሆነ በወር በወር ነው። ቤት በሦስት ሳምንት ካገኛችሁ አንድ ወር ከፍላችሁ ትወጣላችሁ።

«ዘመድ ጋ ባስቀምጠውስ?» የሚሉን አሉ። ዘመዳችሁ ትርፍ ክፍል ካለው በጣም ጥሩ ነው፣ ገንዘባችሁን አታውጡ። ግን ሳሎን ውስጥ ሶፋ በሶፋ ላይ ተደርቦ፣ እንግዳ መቀመጫ አጥቶ ሁለት ወር ሲያልፍ ዘመድ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ሆዱ ግን ይከፋል። ልጆች ይዘሉበታል፣ አንድ ነገር ይሰበራል፣ ሰባሪውም ባለንብረቱም ይሳቀቃል። እዚህ ጋ ነው ኪራይ የሚሻለው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ደሴ ላይ ማስቀመጫ ነበረን፣ ዘጋነው። ምክንያቱ እርጥበት ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በመሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ነው ያለው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ በክረምት ጉም ሲወርድባት ቀኑን ሙሉ ልብስ አይደርቅም። የወሎ ደጋ በዚያ ላይ በልግም አለው፣ ስለዚህ እርጥበቱ በዓመት ሁለቴ ይመጣል። እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ብሎኬት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ግድግዳው ያልባል። በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያ ውሃ የሚሄድበት ስለሌለ ዕቃው ይጠጣዋል።

ይህን የተማርነው በደንበኛ ዕቃ ነው፣ ዛሬም ይቆረቁረናል። አንድ ባለትዳር አዲስ ፍራሻቸውን ደሴ ያለው ክፍላችን አስቀመጡ። እኛ ቦታ ለመቆጠብ ግድግዳ ላይ አስደገፍነው፣ ፕላስቲኩንም አላወለቅንም። ፕላስቲክ ይጠብቀዋል ብለን አስበን ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ስንከፍተው ግድግዳውን የነካው ጎን ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነጠብጣብ ሆኗል። ሻጋታው በጨርቁ አልፎ ስፖንጁ ውስጥ ገብቷል። የፍራሹን ዋጋ ከፈልን። ግን ሴትየዋ «ለሰርጌ የተገዛ ነበር» ስትል የምንመልሰው አልነበረንም። በዚያው ክረምት ቦታውን ለቅቀን ሁሉንም ወደ ኮምቦልቻ አወረድን።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋሮቢት፣ በከሚሴ አድርጎ የመጣ መኪና ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት ከመውጣቱ በፊት እኛን ያገኛል። ዕቃውን አራግፎ ይመለሳል። እናንተ ደሴ ወጥታችሁ ቀለል ብላችሁ ቤት ትፈልጋላችሁ። ከወልዲያ በኩል ለሚመጣ ግን ደሴ ትቀድማለች፣ ወደ እኛ መውረድ፣ ከዚያ መልሶ መውጣት ድርብ ወጪ ነው። ለእነዚህ ደንበኞች፣ የሚቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ እዚያው ደሴ ደረቅ ክፍል ቢፈልጉ ይሻላል እንላለን። ለክረምቱ በሙሉ ከሆነ ግን ወጪው የሚያዋጣ ይመስለናል።

ኮምቦልቻም እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሙቀት አለ፣ አቧራ አለ፣ ምስጥ አለ። ለዚህ ነው ምንም ዕቃ መሬት የማይነካው። ሁሉም ፓሌት ላይ ይቀመጣል። ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይርቃል። ስታስገቡ እዚህ የሚሠሩት ልጆቻችን «ጠጋ አታድርጉት» ቢሏችሁ ለዚህ ነው፣ ቅር አይበላችሁ።

ስለ አዘገጃጀት ትንሽ ረዘም አድርገን እንናገር። ከዕቃ ብልሽት ብዙው እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ይጀምራል።

ፍራሽ ለመንገድ በፕላስቲክ ይጠቅለል። ዝናብና አቧራ አለ። እዚህ ሲደርስ ግን ፕላስቲኩ ይወልቃል፣ በአንሶላ ይሸፈናል። መንገድ ላይ ዝናብ ከነካው ደብቃችሁ አታስገቡት። ንገሩን፣ ፀሐይ ላይ እናውለዋለን። የረጠበ ነገር ለመሻገት አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል።

ልብስን በፌስታል አትቋጥሩ። ፌስታል አይተነፍስም። ንጹህ ማዳበሪያ ወይም ካርቶን ይሻላል። ባና ያላችሁ ደግሞ በተለይ ስሙን። ባና የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፣ ብል የሚወደው ሱፍን ነው። ይልቁንም ላብ ወይም ወጥ የነካውን። ስለዚህ ታጥቦ፣ አጥንቱ ድረስ ደርቆ፣ ከጋቢውና ከነጠላው ተለይቶ ይታሰር። የብል መድኃኒት ብትጨምሩ ካርቶኑ ላይ ጻፉት። ሽታው ደስ ቢልም መርዝ ነው፣ ሲከፈት ልጅ ከረሜላ መስሎት ሊያነሳው ይችላል።

ፍሪጅ። ከመጫኑ አንድ ቀን በፊት ከሶኬት ይነቀል። በረዶው ይቅለጥ፣ ውስጡ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ማስቀመጫ ውስጥ በሩ አይዘጋም፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በሩ መሃል አስገብተን ክፍት እንተወዋለን። የተዘጋ ፍሪጅ በወሩ የሚሸተውን የከፈተ ሰው ያውቀዋል። መኪና ላይ ቆሞ ቢመጣ ጥሩ ነው። ተኝቶ ከመጣ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል። አዲሱ ቤታችሁ ስትገቡም ተኝቶ ከደረሰ ወዲያው አትሰኩት፣ ለጥንቃቄ አንድ ቀን አቁሙት።

ቡፌና ቁምሣጥን ከቺፕውድ የተሠራ ከሆነ ውሃ ጠላቱ ነው። አልጋ ይፈታ። ብሎኖቹን በትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ እዚያው እንጨት ላይ በፕላስተር እሰሩት። ለየብቻ የመጣ ብሎን ሲጠፋ አልጋው ለብዙ ቀን ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ቴሌቪዥን ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይቀመጥም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ሐረጎ ሳይደርስ ሊሰነጠቅ ይችላል። በፍራሽና በብርድ ልብስ መሃል ይምጣ። ጀበናና ስኒ ከእናንተ ጋር በእጅ ይያዝ። ቤት ያላገኘ ሰውም ቡና ያፈላል።

ካርቶኖቹን ቁጥር ስጧቸው። ምን እንደያዙ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቶሎ የምትፈልጉት መጨረሻ ይግባ፣ በር አጠገብ እንዲሆን። የልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ከሁሉ ጀርባ ገብቶ መስከረም ላይ ክፍሉን ሙሉ ያራገፍንበት ቀን አለ።

የማይገባ ነገርም አለ። ጋዝ ሲሊንደር፣ ባዶ ነው ቢባልም፣ አይገባም። ቅሪት ይኖረዋል። ቤንዚን፣ ላምባ፣ ከሰል አይገባም። ሞተር ሳይክል ነዳጁ ከታንከሩ ተራግፎ ነው የሚገባው። እህልና ምግብም አንቀበልም፣ ብዙ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። «ጤፍ እኮ አይነቅዝም» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ ጤፍ ከሌላው እህል ይልቅ ነቀዝን ይቋቋማል። አይጥን ግን አይቋቋምም። ለእናንተ ጤፍ የመጣ አይጥ የጎረቤታችሁን ሶፋ ይበላል። በርበሬና ሽሮም እንዲሁ። እባካችሁ፣ በዚህ ላይ አታስጨንቁን።

ስለ ክፍል ልክ፦ ትንሹ 2 በ3 ሜትር ነው፣ ቁመቱ 2.70። ወደ 16 ሜትር ኩብ ይሆናል። የተፈታ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ቡፌ፣ አንድ ሶፋና የባለ አንድ መኝታ ቤት ካርቶኖች በደንብ ከተደረደሩ ይይዛል። ትልቁን ብናከራያችሁ እኛ ይበልጥ እናገኛለን፣ ግን አያስፈልጋችሁም። መጀመሪያ የዕቃውን ፎቶ ላኩልን፣ ልኩን አብረን እንገምታለን።

ቁልፉ የእናንተ ነው። ጓጉንቸራችሁን ይዛችሁ ኑ። እኛ ትርፍ ቁልፍ አንይዝም፣ ክፍላችሁንም አንከፍትም። ሌላ ሰው ዕቃ እንዲያወጣላችሁ ከፈለጋችሁ ስሙን ውሉ ላይ አስመዝግቡ፣ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ። «ወንድሟ ነኝ» ብሎ ለመጣ ሰው አንሰጥም። አንድ ጊዜ እውነተኛ ወንድም መልሰን አዝኖብናል። አሁንም ብንሆን እንመልሰዋለን። ስልክ ቁጥር ስትቀይሩ አሳውቁን፤ የሁለተኛ ተጠሪ ቁጥር የምንጠይቀውም ለዚህ ነው። ኪራይ ቢዘገይ እንደውላለን፣ በጽሑፍ እናስታውቃለን። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማንንም ዕቃ አንሸጥም። የተቸገረ ሰው አስቀድሞ ይንገረን፣ እንነጋገራለን። አብሽሩ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ሳንናገረው ማለፍ አንፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ስንት ሰው ቤቱን ትቶ ወጣ፣ ሲመለስ ግድግዳ ብቻ ጠበቀው። እኛ ጥበቃ አለን፣ እሳት ማጥፊያ አለን። እንዲህ ላለው ቀን ግን ዋስ መሆን አንችልም፣ ውላችንም ይህን በግልጽ ይናገራል። የሕንፃው ኢንሹራንስም የእናንተን ዕቃ አይሸፍንም። ውድ ዕቃ ያላችሁ የራሳችሁን ጠይቁ። የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ካርድ፣ ካርታ፣ ወርቅ፣ ገንዘብ ማስቀመጫ ውስጥ አታስገቡ። የቤተሰብ ፎቶም እንዲሁ። ሶፋ ይገዛል። የእናታችሁ የልጅነት ፎቶ አይገዛም። በእጅ ቦርሳችሁ ይሁን።

የምትመጡበትን ቀን ከሁለት ቀን በፊት ንገሩን። ሾፌሩ ከሚሴ ሲደርስ ይደውልልን፣ በር ከፍተን እንጠብቃለን። ዕቃው ከመውረዱ በፊት ከጫኝና አውራጆች ጋር ዋጋ ተነጋገሩ፣ ግማሹ ከወረደ በኋላ አይሆንም። እኛም አጠገባችሁ እንሆናለን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነን። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ልጆቹ ለጁምዓ ይሄዳሉ፣ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከ4 ሰዓት ጀምሮ እንከፍታለን። ሐምሌ ላይ ትንንሾቹ ክፍሎች ቶሎ ይያዛሉ። የዝውውር ደብዳቤ የደረሳችሁ ቤቱን ሳይሆን ክፍሉን አስቀድማችሁ አስይዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዕቃ ማስቀመጫው ባለቤትና ሠራተኞች
ኮምቦልቻ