ለደንበኞቻችን፦ የፊት ፍሬን ፓድና ዲስክ በቤትዎ ሲቀይሩ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የፊት ፍሬን ፓድና ዲስክ ከእኛ ገዝተው ግቢዎ ውስጥ ራስዎ የሚገጥሙ ከሆነ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ነው። «ጮኸብኝ»፣ «ፔዳሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል» ተብሎ የሚመለሰውን ዕቃ ስንፈትሽ አብዛኛውን ጊዜ ፓዱም ዲስኩም ደህና ሆኖ እናገኘዋለን። ችግሩ ያለው በአዲሱ ዕቃና በአሮጌው መኪና መካከል ነው፦ ያልተፋቀ ዝገት፣ ያልተጠረገ ዘይት፣ የደረቀ ፒን። ስለዚህ መፍታቱንና መግጠሙን አሳጥረን ማጽዳቱ ላይ ረዘም አድርገን ጽፈናል።

ከስሙ እንጀምር። ብዙ ሰው ሁሉንም «ሸራ» ብሎ ያዛል። ሸራ ታምቡር ውስጥ ያለው፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው ነው፤ ዲስኩን ከሁለት ጎን የሚጨብጠው ፓድ ነው። ብዙዎቹ ቪትዝና ኮሮላ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አላቸው። ሲያዙ የሻንሲ ቁጥሩን ይላኩልን፤ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ኮሮላዎች የተለያየ ዲስክ ሊኖራቸው ይችላል። ከዚህ በታች የጠቀስናቸው ቁጥሮች እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 ለተሠራው ኮሮላ ናቸው። የሌላ መኪና ባለቤት አሠራሩን ይከተል፣ የማጥበቂያውን ልክ ግን ከራሱ መኪና መመሪያ ይውሰድ።

ፓዱ 3 ሚሊሜትር ሲቀረው መቀየር አለበት። የሚለካው ሸካራው ክፍል ብቻ ነው፤ ከጀርባው ያለው ብረት አይቆጠርም። ብዙ ፓዶች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ፓዱ ሲያልቅ ዲስኩን እየነካች ቀጭን ጩኸት ታሰማለች። ያንን ጩኸት ሰምቶ መቀየር ርካሹ መንገድ ነው። ድምፁ ወደ ወፍራም መፋጨት ከተለወጠ ብረት ብረትን እየበላ ነውና ዲስኩም አብሮ ሄዷል ማለት ነው።

ዲስኩ ይቀየር ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚፈርደው ዓይን ሳይሆን መለኪያ ነው። የሚፈቀደው ትንሹ ውፍረት በሚሊሜትር ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው ያንብቡት። ሲለኩ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ፓዱ የማይደርስበት የዲስኩ ጠርዝ ሳይበላ ስለሚቀር ከፍ ያለ ከንፈር ይሠራል። መለኪያውን ጠርዙ ላይ ካሳረፉ የሚለኩት ከንፈሩን ነው፣ ያለቀው ዲስክም ደህና መስሎ ይታያል። መላው ቀላል ነው፦ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ይያዙ፣ አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ ጎን ፓዱ የሚበላበት ቦታ ላይ ያስደግፉ፣ ከነሳንቲሞቹ ይለኩ፣ ከዚያ የሁለቱን ሳንቲሞች ውፍረት ይቀንሱ።

ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ ይቻላል፣ ነገር ግን ከተላገ በኋላ የሚቀረው ውፍረት ከተቀረጸው ቁጥር በላይ መሆን አለበት። የእኛ ምክር ለድንበሩ የተጠጋ ዲስክ አይላግ ነው። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ላይታወቅዎ ይችላል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ግን ይታወቃል። እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው አሁንም አለ። ከባድ ማርሽ አስገብተው ይውረዱ።

ፓድና ዲስክ ሁልጊዜ በጥንድ፣ ማለት ለግራም ለቀኝም ይቀየራል። አንዱን ብቻ ከቀየሩ መኪናው ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን ይስባል። «አንድ ዲስክ ብቻ ስጡኝ» ሲሉን የምንከራከርዎት ለዚህ ነው።

የሚያስፈልግዎት፦ ክሪክ፣ ሁለት የብረት መደገፊያ፣ 21፣ 17 እና 14 ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሞርሳ፣ አንድ ክንድ ሽቦ፣ የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ፣ ለፍሬን የተሠራ ግራሶ፣ ሁለት ስምንት ሚሊሜትር ብሎን። ቶርክ ቁልፍ፣ ማለት የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ፣ ካለዎት እሰየው። ብሎኬት ከመኪና ሥር አይግባ! ክብደት ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረከሳል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥርም እጅዎን አያስገቡ።

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያግዱ። የጎማውን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ ሳለ ያላሉ፣ ከዚያ ያንሱና ይደግፉ። አንዱን ወገን ሳይጨርሱ ሌላውን አይፍቱ፤ የትኛው ክሊፕ የት እንደነበረ ቢጠፋዎ ያልተፈታውን ያዩበታል። አቧራውን በኮምፕሬሰር አይንፉ፣ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር ነው። በውሃ አርጥበው ይጥረጉት።

ካሊፐሩን፣ ማለት ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል፣ የያዙት ሁለት ብሎኖች ባለ 14 ናቸው፣ ከኋላ በኩል ይፈታሉ። ከጀርባ ሆኖ ሲፈታ ቀኝና ግራ ይምታታል፤ እምቢ ያለ ብሎን ላይ ቱቦ ከመጨመርዎ በፊት ወደየት እያዞሩ እንደሆነ ደግመው ያስቡ። ካሊፐሩ ሲወጣ በፍሬን ጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ በሽቦ ከሞላው ላይ ይሰሩት። ቱቦው ውስጡ ከተቀደደ ከውጭ ደህና መስሎ ይቆይና በኋላ ፍሬኑ ይይዝና አልለቅ ይላል። ቀጥሎ ፓዶቹን ያውጡ፣ የካሊፐሩን መቀመጫ ከያዙት ሁለት ባለ 17 ብሎኖች ይፍቱት።

ዲስኩ ተጣብቆ አልወጣም ካለ መዶሻ አያንሱ። ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎኖቹን አስገብተው አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር እያሉ ሲያጠብቁ ዲስኩ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ዲስኩ ያረፈበትን የብረት ገጽ ይመልከቱ፦ በዳዶ ቡሎኖቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ቅርፊት ይኖራል። ያ ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ይፋቅ። መዳፍዎን ሲያሳልፉበት ምንም ሊነካዎት አይገባም። ዲስኩ ሲዞር ወዲያና ወዲህ ሊል የሚፈቀድለት የአንድ ሚሊሜትር 0.05 ብቻ ነው። መሃል ላይ የቀረች የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ዝገት ጠርዙ ጋ ስትደርስ ከዚያ ታልፋለች። ያኔ ዲስኩ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ፓዱን እየላሰ ይሄዳል፣ ያ ቦታ ቀስ በቀስ ይሳሳል፣ ከሁለትና ሦስት ሺህ ኪሎሜትር በኋላ ፔዳሉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። «ዲስኩ ጠመመ» ተብሎ የሚመጣልን አብዛኛው ይኸው ነው።

አዲሱ ዲስክ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቷል። በፍሬን ማጽጃ ሁለቱንም ፊት ያጽዱ፤ ከሌለዎት በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ወዲያው ያድርቁ። ቤንዚን አይጠቀሙ። ካጸዱ በኋላ በባዶ እጅ ፊቱን አይንኩ። ከገጠሙት በኋላ እንዳይወዛወዝ በሁለት ዳዶ ያዙት።

የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ሌላው የተረሳ ነገር ናቸው። ከጎማ ልብሳቸው ያውጧቸው፣ አሮጌውን ግራሶ ጠርገው አዲስ ይቀቡ፣ በእጅ ሲገፏቸው በቀላሉ መሄድ አለባቸው። ተራ የመኪና ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋልና አይሆንም። ሁለቱ ፒኖች አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ፣ የላይኛውን ከታችኛው አያቀያይሩ። መቀመጫው ላይ ያሉት ቀጫጭን የብረት ክሊፖች ከሥራቸው ዝገት ካነሳቸው ፓዱ ይጣበቃል፤ አውጥተው ከሥራቸው ይፋቁ፣ ከፓዱ ጋር የሰጠንዎትን አዲሶቹን ይግጠሙ። ከግራሶው በጣም ጥቂት በፓዱ ጆሮዎችና ፒስተኑ (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ፓዱን የሚገፋው) በሚነካው ጀርባ ላይ ይቀቡ፤ ሸካራው ፊት ላይ ጠብ ካለ ግን ያ ፓድ አለቀለት።

ፒስተኑን ወደ ውስጥ ለመግፋት አሮጌውን ፓድ ፊቱ አድርገው በሞርሳ ቀስ ብለው ያጥብቁ። የፍሬን ዘይቱ ወደ ላይኛው ዕቃ ይመለሳል፤ በቅርቡ ዘይት ከጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ቀለም ስለሚያነሳ የፈሰሰበትን ወዲያው በውሃ ይጠቡ። ከኋላ ዲስክ ያላቸውና የእጅ ፍሬናቸው ካሊፐሩ ውስጥ የሆነ መኪኖች ላይ ግን ፒስተኑ እየዞረ እንጂ ተገፍቶ አይገባም፤ በሞርሳ ከታገሉት ይሰበራል።

ሲመልሱ የመቀመጫው ብሎኖች 107 ኒውተን ሜትር፣ የካሊፐሩ 34፣ የጎማው ዳዶዎች 103። ቶርክ ቁልፍ ለሌለው ግምቱ ይህ ነው፦ 30 ሳንቲሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ያህል መጫን ወደ 103 ይጠጋል፤ ለ34 ደግሞ በ20 ሳንቲሜትር ቁልፍ 17 ኪሎ ያህል ይበቃል። ሰባ ኪሎ ሰው ያው ባለ 30 ቁልፍ ጫፍ ላይ ቢቆም ልኩን እጥፍ አደረገው ማለት ነው። ዳዶዎቹን ፊት ለፊት እየመረጡ በሁለት ዙር ያጥብቁ። ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲያስፈቱም በአየር መሣሪያ ጨርሶ እንዳያጠብቀው ይንገሩት፣ የመጨረሻውን በእጅ ያድርገው።

መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ! ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው እርግጫ እስከ ወለሉ ይወርዳል። እስኪጠነክር ረግጠው ዘይቱን ይመልከቱ፣ ከጎደለ ዶት 3 በተባለው የፍሬን ዘይት ይሙሉ። ሁለት ዓመት የቆየ ዘይት ካለዎት በዚሁ አጋጣሚ ይቀየር፤ ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል።

አዲስ ፓድና ዲስክ መላመድ አለባቸው። እሁድ ማለዳ ቀለበት መንገዱ ገለል ሲል ይውጡ፦ ከ50 ወደ 10 ኪሎሜትር በሰዓት፣ በመካከለኛ ኃይል፣ አሥር ጊዜ ያህል፣ በመሃሉ ግማሽ ደቂቃ እየነዱ ያቀዝቅዙት። ፈጽመው አይቁሙ፤ በጋለ ዲስክ ላይ ፔዳል ይዘው ከቆሙ የፓዱ ቅርጽ ማኅተም ሆኖ ይቀራል። ትንሽ ሽታ ቢኖር አይደንግጡ።

ፓድ ሲገዙ ጠርዙ ላይ የታተሙትን ሁለት ፊደላት ይመልከቱ። የመጀመሪያው በተለመደ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ ኃይል ይናገራል፤ «ኤፍ» ከ«ኢ» ይበልጣል። ለቁልቁለት ለሚመላለስ ሰው ሁለቱም «ኤፍ» የሆኑትን እንመርጣለን። ምንም ያልታተመበት ፓድ ስለ ራሱ የሚናገረው የለውም።

አሮጌዎቹን ፓዶች አይጣሉ። ግራ፣ ቀኝ፣ ውስጥ፣ ውጭ ብለው ጽፈው በፌስታል ያምጡልን። የውስጠኛው ከውጭኛው በጣም ሳስቶ ከሆነ ፒን ወይም ፒስተን ደርቋል፤ አንዱ ጫፍ ብቻ ከተበላ ፓዱ በመቀመጫው ላይ ተንጋዷል፤ አንዱ ጎማ ከሌላው ቀድሞ ከጨረሰ ደግሞ ቱቦውን እንጠረጥራለን። ማየቱም መለካቱም በነፃ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የመለዋወጫ ሽያጭ ክፍል