የጂኦሎጂ ክበብ ዘንድሮ፦ የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ

መስከረም ላይ ያወጣነው ዕቅድ ሰፊ ነበር። እሳተ ገሞራ አለ፣ ስምጥ ሸለቆ አለ፣ ማዕድናት አሉ። ኅዳር ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሰፈሯ ካለ የማርብል መቁረጫ ቤት ቁርጥራጭ በፌስታል ሞልታ መጣች። ከዚያ በኋላ ዕቅዱን ዞር ብሎ ያየው የለም።

መቁረጫ ቤቱ ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ «ማርብል»፣ ማለትም እብነ በረድ፣ ነው የሚለው። ነጩንም፣ ግራጫውንም፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትንም። በቢላ ጀመርን። ነጠብጣብ ያለበትን ቢላው ሊጭረው አልቻለም፤ ግራናይት ስለሆነ ለብቻው አስቀመጥነው። ነጩንና ግራጫውን ግን ጫራቸው። ጥፍር ሲሞከርባቸው ምንም አልሆኑም። ይሄ ካልሳይት የሚባለው ማዕድን ጠባይ ነው። የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት የሞህስ መለኪያ ጥንካሬው 3 ሲሆን፣ ጥፍር 2.5 አካባቢ ነው።

ቀጥሎ መነጽርና ጓንት አድርገን በውኃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አደረግንባቸው። ሁለቱም እኩል አረፋ ደፈቁ። ልጆቹ ተያዩ። የተማሩት የኖራ ድንጋይ ሴዲመንታሪ (ከደለል ክምችት የተሠራ)፣ እብነ በረድ ሜታሞርፊክ (በሙቀትና በግፊት የተለወጠ) እንደሆነ ነው። ታዲያ ምነው አንድ ዓይነት ሆኑ? የሚሆነውስ እንደዚያ ነው። ሁለቱም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ አረፋው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አሲዱ ከምን እንደተሠሩ ይናገራል፤ ምን እንዳለፈባቸው አይናገርም።

እሱን የነገረን አጉሊ መነጽር ነው። ግራጫው ፊቱ ደብዛዛ ነው። አንድ ጥጉ ላይ የጥፍር ግማሽ የምታህል ቅስት መስመር አለች። በውኃ አርሰን ስናያት የዛጎል ስባሪ ሆና ተገኘች። ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ዛጎልና የኖራ ጭቃ ነው ተጭኖና ተጣብቆ ድንጋይ የሆነው። ነጩ ውስጥ ዛጎል ብንፈልግ አጣን። ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት ግን እንደ ስኳር ቅንጣት ብልጭ ብልጭ ይላል። ክሪስታሎቹ ክፍተት ሳይተዉ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ይህም አንድ ጊዜ የኖራ ድንጋይ ነበር። መሬት ውስጥ ገብቶ ሙቀትና ግፊት ሲበዛበት ካልሳይቱ እንደ አዲስ ክሪስታል ሠራ፣ የዛጎሉም ቅርጽ ጠፋ። ይህ ሁሉ የሆነው ድንጋዩ ሳይቀልጥ ነው። ፈተና ላይ «ቀልጦ» ብላችሁ የምትጽፉ ይህችን ልብ በሉ! ድንጋይ ቀልጦ ከረጋማ ሜታሞርፊክ መሆኑ ቀረ።

አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ሰውዬው ታዲያ ግራጫውን ማርብል ብሎ እየሸወደ ነው?» አለኝ። አልሸወደም። በንግዱ ዓለም ሲወለወል የሚያብለጨልጭ የኖራ ድንጋይ በማርብል ስም መሸጡ በሌላውም አገር ያለ ነው። እኛ ግን ክበብ ነንና እንለያለን።

መጋቢት ላይ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዓባይ በረሃ ወረድን። የፍሬን ሽታውን ትተን የምናወራው ስለ ግድግዳው ነው። አናቱ ላይ ላቫ ረግቶ የሆነ ጥቁር ባዛልት፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጀሶ፣ ታች ደግሞ ሌላ አሸዋ ድንጋይ አለ። የኖራ ድንጋዩ በትግራዩ አንጣሎ ስም የሚጠራው ነው። ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ያኔ ይህ አካባቢ ባሕር ነበር። ልጆቹ ዛጎል ፍለጋ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ያገኙትን ፎቶ አነሱ እንጂ አልነቀሉም።

የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ የተጠየቀው እዚያ ነው። «ባዛልቱ በእሳትነቱ ላዩ ላይ ከፈሰሰ፣ የኖራ ድንጋዩ ለምን እብነ በረድ አልሆነም?» አንደኛ፣ መሃላቸው አሸዋ ድንጋይ አለ። ሁለተኛ፣ ገጸ ምድር ላይ የፈሰሰ ላቫ ሙቀቱን ወደ አየር ይለቅና ቶሎ ይበርዳል፤ ከሥሩ የሚያበስለው ትንሽ ነው። እብነ በረድ ለመሆን በጥልቀት መቀበር፣ ወይም መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ ከሚበርድ ማግማ (ቅልጥ ድንጋይ) ጋር መጎራበት ያስፈልጋል። የአገራችን እብነ በረድ የሚቆፈረው እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዙ ዳለቲ ባሉ ቦታዎች ነው። እዚያ ያሉት አለቶች ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፣ አህጉራት ሲጋጩ የተጨመቁ ናቸው። ዳለቲ ለአንድ ቀን ጉዞ ስለሚርቅ አልሄድንም።

ግንቦት ላይ በወላጆች ቀን ጠረጴዛ ዘርግተን «የቱ የቱ ነው?» አልን። ብዙ ወላጅ ተሳሳተ። አንድ ግንበኛ አባት ግን አጉሊ መነጽሩን እንኳ ሳይነኩ ወደ ብርሃን አዙረው ለዩዋቸው። ከዚያ ለኩሽና የቱ እንደሚሻል ጠየቁን። ሁለቱም አይሻሉም፤ ሎሚና አቼቶ ይበላቸዋል። ግራናይቱን ጠቆምናቸው።

ለመጪው ዓመት አሸዋ ድንጋይንና ከእሱ በሙቀትና በግፊት የሚሠራውን ኳርትዛይትን ይዘናል። እነሱ ላይ አሲድ አይሠራም፤ በመዶሻ ሰብሮ ስብራቱን ማየት ነው። አሸዋ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ በቅንጣቶቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ ኳርትዛይት ቅንጣቶቹን አቋርጦ። መመዝገብ የምትፈልጉ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ ኑ። የዓይን መከላከያ መነጽር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የትምህርት ቤቱ አይበቃም።